ከአጥር ማዶ ያለው መወጣጫ

እኔ ቀናተኛ አይደለሁም፤ ለሰው ሕይወት ግን እጨነቃለሁ። እዚህ ቡሬ ከተማ፣ ከግቢያችን አጥር ማዶ፣ አዲስ ፎቅ የሚቀባ አንድ መልከ መልካም ቀለም ቀቢ ባለ ጎማ የብረት መወጣጫ ላይ ቆሞ መዋል ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እናኑ በቀን ሦስቴ ልብስ ታሰጣለች። እኛ ያን ያህል ልብስ የለንም።

እናም ለደኅንነቱ ስል ሄድኩ።

«ወንድም ዓለም፣ ይሄ ነገር እንዳይንሸራተትብህ ፈራሁ። ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ብታዞረው አይሻልም?»

«አራቱም ጎማ ተቆልፏል፣ ጋሼ።»

«ከውጭ ስትንጠላጠል ቢገለበጥስ?»

«የምወጣው በውስጥ በኩል ነው።»

«ላዩ ላይ አዙሮህ ብትወድቅስ?»

«ዙሪያውን መደገፊያ አለው። ካላመኑኝ እኔ ወርጃለሁ፣ ወጥተው ይዩት። ብቻ ይህን ሄልሜት ሳያጠልቁ አይሆንም» አለኝ፤ አክብሮቱ ራሱ ያናድዳል።

ከራሱ አውልቆ የሰጠኝ ሄልሜት እስከ ቅንድቤ ወረደ። እሱ ውኃ ሊጠጣ ዞር ሲል እኔ በውስጥ በኩል፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። የፈራሁት አልቀረም፤ ግቢያችን ከነማጀቱ በር ወለል ብሎ ይታያል። መደገፊያውን ጨምድጄ ስመለከት እናኑ ባዶ ሳፋ ይዛ ብቅ አለች። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ፣ ለእኔ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«ኧረ አንተዬ፣ አደራህን ቶሎ ውረድ! ባሌ መወጣጫውን ሊገፋብህ ወጥቷል!»