በካስማ የታሰረው ቀኝ እግር

ሰብሃት በየማለዳው ፊቱን እንደታጠበ ወደ ጓሮ ይወጣና ቀኝ ቁርጭምጭሚቱን መሬት ከተተከለ ካስማ ጋር በአጭር ገመድ ያስራል። ከዚያ ኳስ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ይወረውራል። እግሩ ሊነሳ ሲል ገመዱ ይይዘዋል። ታስሯልና ኳሷን ከአጥር ማዶ የሚመልሱለት ጎረቤቱ እትዬ በዛወርቅ ናቸው።

"በሬው ዛሬም ታሰረ?" ይሉታል። "ጎመኔን ብትነካ ግን ሁለተኛውንም እግርህን ነው የማስረው!"

ሰብሃት ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ለቦንጋ ክለብ በቀኝ መስመር ተከላካይነት ሲጫወት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ፈጣን አይደለም፤ ፈጣን ሆኖም አያውቅም። አጥቂን አሳድዶ ስለማይደርስበት፣ አጥቂው የሚሄድበትን ቦታ ገምቶ ቀድሞ ይቆማል። የታወቀው ግን በእጁ ነው። ከጎን መስመር የሚወረውራት ኳስ ግቡ አፍ ድረስ ትሄዳለች።

ይህን የተማረው ሜዳ ላይ አይደለም። ሺሺንዳ አጠገብ ሲያድግ ከአጎቱ ከጋሽ ገብረሚካኤል ጋር የንብ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ እንዲወጣ፣ አስቀድሞ ጫፉ ላይ እንጨት የታሰረበት ገመድ በቅርንጫፍ ላይ ተወርውሮ ይሻገራል። ወርዋሪው ቀኝ እግሩን ያነሳል፤ ኃይሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። በኳስ ሕግ ግን ሁለቱም እግሮች መሬት መልቀቅ የለባቸውም። ሰብሃት በመጀመሪያ ጨዋታው አራት ጊዜ ወረወረ፤ ዳኛው አራቱንም ጊዜ ፊሽካ ነፋ።

"ቀፎህን ሰቅለህ ስትጨርስ ንገረን!" አለ አንድ ተመልካች።

ካስማው የተተከለው በማግስቱ ነው።

ዘንድሮ ሳምሶን የሚባል አዲስ አሰልጣኝ መጣ። እሱ ኳስ ከእግር ወደ እግር በአጭር በአጭሩ እንድትሄድ ይፈልጋል። "ረጅም ውርወራ ኳስን ለዕድል መስጠት ነው" አለና ሰብሃትን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። የሰብሃት ውል የሚያልቀው በሰኔ ነበር። ማን እንደሚቀር፣ ማን እንደሚሰናበት የሚወስነው ደግሞ አሰልጣኙ ነው።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ቦንጋ ላይ ሲደረግ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። አጫጭሮቹ ቅብብሎች ጭቃው ውስጥ ቀሩ። በሰባኛው ደቂቃ የቀኝ ተከላካዩ ተጎዳና ሰብሃት ገባ። ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ ያለ ግብ አቻ እንደሆኑ፣ ኳስ በቀኝ በኩል ወጣች።

"በአጭሩ!" አለ ሳምሶን ከዳር።

ሰብሃት አጠገቡ ያለውን የቡድን ጓደኛውን አየ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

"ኮች፣ እዚያ ጋ እኮ ዋና ነው የሚያስፈልገው።"

ሳምሶን ሜዳውን ተመለከተ። "እሺ፣ ወርውራት!"

በጠዋቱ አውቶቡስ ከሺሺንዳ የመጡት ጋሽ ገብረሚካኤል ከተመልካቹ መሃል ብድግ አሉ። "እግርህን! አንተ ልጅ፣ እግርህን!" ሕዝቡ ሳቀ።

ሰብሃት ኳሷን በካናቴራው አድርቆ ወረወረ። ጭቃው ሁለት እግሩን እንደ ካስማው ጨምድዶ ያዘው። ኳሷ ተከላካዮቹን ሁሉ አልፋ ስትወርድ አጥቂው ፍቃዱ በግንባሩ ገጭቶ ግብ አስቆጠረ። ዳኛው መጀመሪያ ያየው የሰብሃትን እግር ነበር፤ ጫማው ጨርሶ አይታይም። ግቡን አጽድቆ ወደ መሃል ሜዳ አመለከተ።

ከጨዋታው በኋላ ሳምሶን መልበሻ ክፍል ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ይህን ነገር ለሌሎቹ ታስተምርልኛለህ?"

"አስተምራለሁ። ግን ቀፎ ያስፈልገናል።"

"ቀፎ? የምን ቀፎ?"

"የንብ ነዋ፣ ኮች። ንቡ ገና አልገባበትም፣ አትፍራ።"

ውሉ ለአንድ ዓመት ታደሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሰብሃት ሦስት ተከላካዮችን ይዞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሺሺንዳ ይሄዳል፤ ጋሽ ገብረሚካኤል የሚሰቀሉ ዐሥራ አንድ ቀፎዎች አዘጋጅተዋል።