ያለ ምስክር የተሰበረ እግር

ገሳይ ከተማ ላይ የአንድ መጋዘን ግድግዳ ስለስን ከባሕር ዛፍ ርብራብ ወደቅሁና እግሬ ተሰበረ። ደብረ ታቦር የታየሁበት ሐኪም ቤት፣ "ብረት ይገባለታል፤ መጀመሪያ ግን አሠሪዎ የገባልዎት ኢንሹራንስ እከፍላለሁ ይበል" አለኝ። ኢንሹራንሱ ደግሞ "ሲወድቁ ያየ ምስክር የለም" ብሎ ዝም አለ። ለካስ ሰው የሚወድቀው ጎረቤቱን ጠርቶ ኖሯል!

እስከዚያው ወጌሻ በቀርከሃ አሰረልኝ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ከኢንሹራንሱ አንድ ወጣት መርማሪ መጣ፤ በምርኩዝ እያነከስኩ ወስጄ ቦታውን አሳየሁት። ርብራቡን ነቅነቅ አደረገና ሳቀ።

"አባባ፣ ከዚህ ላይ እንኳን እርስዎ ሕፃንም አይወድቅ። እውነቱን ይንገሩኝ፣ በቅሎ ጥላዎት ነው አይደል?"

"መድኃኔዓለም ያውቃል፣ ልጄ" አልኩት። በልቤም "ጌታዬ፣ እውነቱን አንተው አሳየው" ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ቶሎ ይሰማኛል ብዬ አላሰብኩም።

መርማሪው ሰው እንደማይወድቅ ሊያሳየኝ ርብራቡ ላይ ወጣ። "ይኸው ቆምኩ! ታዲያ ምን..." እያለ ተንሸራቶ እግሬ ሥር ዱብ አለ።

"እግዚአብሔር ይማርህ፣ ልጄ" አልኩ ደንግጬ።

ቁርጭምጭሚቱን ይዞ እያቃሰተ ዙሪያውን ቃኘ። ከእኔ በቀር ሰው የለም።

"አባባ" አለኝ ላብ አጥምቆት፣ "ስወድቅ አይተውኛል አይደል?"