ሞልቷል ያልኩት ባትሪ

ይህን ከሁለት ሴቶች በቀር ከአፌ የሰማ የለም። ሚስቴ እንኳ የምትሰማው ዛሬ ከእናንተ ጋር ነው።

መርሳ ውስጥ ራዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነኝ። በጦርነቱ መብራት ሲቋረጥ በሰፈሩ ሶላር የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው የሞተር ባትሪውን ተሸክሞ ይመጣል፣ እሞላለታለሁ። መሙላቱን የምለየው በቮልት መለኪያ ነው። ባትሪው ከሶላሩ ተነቅሎ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ካሳየ ሞልቷል። ሳይነቀል ከተለካ ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላል። ይህን አውቃለሁ። በደንብ አውቃለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ እትዬ ዘይነባ መጡ። አዋላጅ ናቸው፤ ጤና ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ እየዞሩ ያዋልዱ ነበር። ባትሪያቸውን በማለዳ ትተውልኝ ሄደው ነበር።

«ሞላልኝ ወይ ልጄ? ከሲሪንቃ ወዲህ ምጥ የያዛት አለች፤ ቤቷ መስኮት የለውም።»

ባትሪውን ሳልነቅል ለካሁት። አሥራ ሦስት ተኩል አለ።

«ሞልቷል እትዬ፣ ይውሰዱት።»

ለምን ዋሸሁ? ወንድሜ ወልድያ ቀርቶብኝ ስለነበር የእሳቸውን አንስቼ የራሴን ባትሪ ሞልቼ በራዲዮ ወሬ ልሰማ ቸኩዬ ነው። ጨንቆኝ ነው ልበል? ያቺ የምታምጠውስ አልጨነቃትም? ዋሸሁ፤ እኔው ነኝ የዋሸሁት።

መብራቱ ሕፃኗ እንደተወለደች ጠፋ። እናትየው ደም ይፈሳት ነበር። እትዬ ዘይነባ በጨለማ እየዳሰሱ ሰፏት። ይህንን የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ፣ መትረፏ ከታወቀ ወዲያ ነው። ያኔም ዝም አልኩ።

ዓመት አልፎ እውነቱን ነግሬ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ እትዬ ዘይነባ እግር ላይ ወደቅሁ።

«እኔ እኮ አምፖሉ ነው ብዬ አምፖሉን ስረግም ኖርኩ!» አሉ። ቀጥለውም፣ «አፉ ብዬሃለሁ። የወላዷን ግን ከራሷ ጠይቅ» አሉኝ።

ሄድኩ። ልጇን አዝላ በቆሎ ስትፈለፍል አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት።

«ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ መብራት ይኑር አይኑር መች አየሁ?» አለችኝ። «ልጄም አለች፣ እኔም አለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። አፉ ብያለሁ። በል ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ደረቴን ተጭኖት የኖረው ነገር ለቀቀኝ፤ አለቀስኩም፣ ሳቅሁም። ዛሬም ቀሎኛል። ግን እሷን ያተረፏት አላህና የእትዬ ዘይነባ እጅ ናቸው። የእኔ ድርሻ ውሸቱ ብቻ ነው። እናንተም አፉ በሉኝ።