ከውጭ የታሸገው ላስቲክ

ማላኪያ ገበያ ባለው ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካሁ ሳለ ጎረቤቴ ገባች። ጁባ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጤናው ተጠይቆ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። እሷ ግን ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ «ባልሽ አልነቃ ብሏል» አለችኝ።

«ተኝቶ ነው እንዴ?» አልኳት፤ መቀሱ እጄ ላይ እንዳለ።

መቀሱን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ባለቤቴ መኪና ቀቢ ነበር። ኮምቦልቻ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ አቧራ የማያስገባ ክፍል ነበረው። እዚህ ጁባ፣ ኒምራ ታላታ ሰፈር ግን ያለን የተከራየነው ግቢ ብቻ ነው፤ በበጋ ቀዩ አቧራ ወጥ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ስለዚህ ቀለም ሊረጭ ሲል ከቦቴ የገዛነውን ውሃ መሬቱ ላይ ይደፋል፣ መኪናውን በላስቲክ ድንኳን ይከልላል፣ ጺሙን ይታጠባል። አንዲት ፀጉር ካረፈችበት ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። አፍንጫውን አይሸፍንም፤ «ያልበኛል፣ ላቡ ቀለሙ ላይ ይንጠባጠባል» ይላል።

ደግሞ እያንዳንዱን በር ሲጀምር ጮክ ብሎ «ቢስሚላህ» ይላል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሥራው የት እንደደረሰ የማውቀው በዚያ ነበር። ከዘገየብኝ «አለህ?» እለዋለሁ። «አለሁ» ይለኛል።

ያን ሰሞን የያዘው የወዳጁን መኪና ነበር፤ ሙሽራ የምትመጣበትን። በመጀመሪያው ቅብ ነፋስ ተነሣና ኮፈኑ ላይ አቧራ በተነበት። ወዳጁ መጥቶ በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄማ የብርቱካን ልጣጭ ነው! ሙሽራዋ ልጣ ትብላው እንዴ?»

አብሮት የመጣው ጓደኛቸው ሳቀ። ባለቤቴም አብሯቸው ሳቀ፤ እራት ግን አልበላም።

በማግስቱ ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ዋለ። ማታ ላይ፣ «ነፋሱ የሚገባው በላስቲኩ መግቢያ ነው» አለኝ። «ፕላስተሩን ከውስጥ ብለጥፈው ነፋሱ ገፍቶ ይነቅለዋል። ከውጭ የሚያሽግልኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

«አንተስ በየት ልትወጣ?»

«ስጨርስ እነዚያን ሁለቱን ጓደኞቼን እጠራቸዋለኋ።»

ልቤ አልወደደውም። «እንግዲያው ነገ ሱቅ አልከፍትም» አልኩት።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለ፣ እንደ ገበያው ሰው እያሾፈ። «ምንም ችግር የለም፣ አንቺ ሂጂ። ሁለቱም ደጅ ላይ ይሆናሉ።»

ጠዋት ስወጣ ጥላው ላስቲኩ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሁለቱ ጓደኞቹ መግቢያውን ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጋሉ። ፀሐይዋ ገና ከጠዋቱ ትፋጃለች። እሱ ውስጥ ቀለሙን እየበጠበጠ ነበር፤ ሌላ ጊዜ እስከ ጎረቤት የሚደርሰው የቲነር ሽታ ግን አጠገቡ ቆሜም አልሸተተኝም።

ከሱቅ ሮጬ ስደርስ ላስቲኩ ተቀዷል። እሱ ከኋላው በር ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ቀለሙን በአየር የሚገፋውን ኮምፕሬሰር ማጥፋት ለማንም ትዝ አላለውም፤ ይጮሃል። ኮፈኑ ላይ የራሴን ፊት አየሁት፤ በሕይወቱ እንደዚያ አለስልሶ ቀብቶ አያውቅም። የኋላው በር ቀለም ግን ግማሹ ላይ ቆሟል።

በዚያው ቀን ቀበርነው። አላህ ይርሐመው።

እናንተ ሁለታችሁ ጓደኞቹ፣ ወላሂ ቂም አልያዝኩባችሁም። የአላህ ውሳኔ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ግን ለቅሶ ላይ አንዳችሁ «ሲያስል የሰማሁት መሰለኝ» ስትል ሌላው በክርን ጎሰመህ። ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጣችሁም። እኔ ደግሞ ሶላት ላይ ቆሜ ጆሮዬ ወደ ግቢው ይሄዳል።

ኑ። ለኋላው በር «ቢስሚላህ» ካለ በኋላ ተጣርቶ እንደሆነ ንገሩኝ። ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ አልሰማን ካላችሁም፣ እሱኑ ንገሩኝ።