የቆጮውን ጉድጓድ የከፈተው ሰው

የያዙኝ ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ነው። ለአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር አንዲት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ስሰጥ ሁለት ሰዎች ክንዴን ያዙኝ። "ለማን ነው የምትልከው?" አሉኝ። "ለዩኒቨርሲቲ" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ግን ማን ሊሰማኝ።

ያስገቡኝ ክፍል አሥራ አራት ሰው ነበረበት። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ነው። አዲስ የገባ ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ እኔም ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ለምርመራ ተጠራሁ።

መርማሪው የአገራችን ልጅ ነው። ስሙን ለእስረኛ አይናገርም፤ እስረኞቹ ግን እስከ አያቱ ያውቁት ስለነበር ገና በገባሁ ቀን ነግረውኛል። ቆፍረው ያወጡት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አፈሩ እንኳ አልተራገፈም። ሳጥኑ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች መኪናና ወፍጮ የማይሰማበት ቦታ ፈልግልን ሲሉኝ፣ ሺንሺቾ አቅራቢያ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ጓሯቸውን ፈቀዱልኝና እዚያ ቀበርነው። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ በየወሩ እየሄድኩ ካርዱን መቀየርና የሞላውን መላክ ነበር ሥራዬ።

"ይሄ ምንድን ነው የሚሰማው፣ መምህር?"

"ምድርን።"

"ምን ትላለች?"

ሲያፌዝ ነው፤ እኔ ግን እንደ ተማሪ አስረዳሁት። ሩቅ አገር መሬት ሲንቀጠቀጥ ሞገዱ በምድር ሆድ አልፎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። አንደኛው የሞገድ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ አያልፍም። በወዲያኛው ወገን ሲጠብቁት ስለቀረ ነው ኮር የሚባለው የምድር እምብርት ውጨኛው ክፍል የቀለጠ ብረት መሆኑ የታወቀው።

"ማን ወርዶ አየው?"

"ማንም። የሰው ቁፋሮ ቅርፊቷን እንኳ አልጨረሰም።"

"እንግዲያው ውሸት ነው።"

"ገበያ ማሰሮ ስትገዛ ሰብረህ ነው የምታየው? አንኳኩተህ አይደል ስንጥቁን የምታውቀው? መንቀጥቀጡ ያንኳኳል፣ ሳጥኑ ያዳምጣል።"

የተተየበ ወረቀት ገፋልኝ። ሳጥኑ የመገናኛ ሬዲዮ ነው፣ የጓሮው ባለቤት እያወቁ ደብቀውታል ይላል። "ፈርምና እራትህን ቤትህ ብላ" አለኝ። ከፈረምኩ እኔ እወጣለሁ፣ እሳቸው ይገባሉ። ነገሩ ይኸው ነበር።

"እዚያው ጓሮ ሌላም ጉድጓድ አግኝተናል" ብሎ ቀጠለ። "በቅጠል የተሸፈነ፣ ድንጋይ የተጫነበት። የጦር መሣሪያ መስሎን ብንከፍተው..." ሳቀ። "ቆጮ።"

"መልሳችሁ ሸፈናችሁት?"

"እኛ ምን አገባን?"

ክረምት ነው። የእንሰት ቆጮ የሚቦካበት ጉድጓድ ተከፍቶ ከተተወ፣ ዝናብም ከገባበት፣ ይበሰብሳል። የሴትየዋ የዓመት ቀለብ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን አያውቅም እል ነበር። እሱ ግን በቆጮ ያደገ ሰው ነው፤ እናቱም እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነበራቸው። የጠላሁት እዚያ ላይ ነው። ባልዲውን ልረሳለት እችል ነበር።

እስክሪብቶ ስጠኝ አልኩት። ደስ ብሎት ሰጠኝ። የተተየበውን በሙሉ ሰርዤ ከሥሩ፣ ሳጥኑ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም፣ ሁለተኛው ጉድጓድ የቆጮ ነው፣ ከፍቶ ለዝናብ የተወው እገሌ የእገሌ ልጅ ነው ብዬ ጻፍኩ። የእሱን ስም እስከ አያቱ አሰፈርኩና ፈረምኩ።

ሲያነበው ፊቱ ተለዋወጠ። በጥፊ መታኝ፣ ወረቀቱን ቀደደው፣ ሌላ አመጣ። ያንኑ ጻፍኩ። ደግሞ መታኝና ሦስተኛ አመጣ። እሱም ላይ ጻፍኩ፤ ፊደሉ ተንጋደደ፤ ስሙ ግን ይነበባል። አራተኛ ወረቀት አላመጣም።

ሰባት ወር ቆይቼ ያለ ክስ ተፈታሁ። የጓሮውን ባለቤት አልነኳቸውም። ልጠይቃቸው ስሄድ ጎረቤቶቻቸው እያንዳንዳቸው ከየጉድጓዳቸው ቆጮ እያወጡ አምጥተውላቸው አገኘሁ።

"ልጄ፣ ለጌታ ተወው" አሉኝ።

"እሺ፣ እማማ" አልኳቸው። አልተውኩትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

መርማሪው አሁንም ከተማችን ውስጥ አለ። መንገድ ላይ ሲያየኝ ባርኔጣውን ያነሳልኛል፤ እኔ አልመልስለትም። በየዓመቱ የምድር ውስጣዊ ክፍል የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ የሳጥኑንና የጉድጓዱን ታሪክ ያለ ስም ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። ዘንድሮ የሰውየው ልጅ እኔ ክፍል ተመደበች። ጎበዝ ናት። ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

"ቲቸር፣ ጉድጓዱን የከፈተው ሰውዬ ግን ማን ነው?"

ማለፍ እችል ነበር።

"አባትሽን ጠይቂው" አልኳት። "ያውቀዋል።"

በማግስቱ ክፍል ስገባ ቀና ብላ አላየችኝም። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፤ አውቃለሁ፣ ለእሷ አዝናለሁም። አባቷ ግን እራት ላይ ምን ብሎ እንደመለሰላት ባሰብኩ ቁጥር እስካሁን ደስ ይለኛል።