አለዝቤ ያነበብኩት ደብዳቤ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ “አንብቢልኝ” የሚለኝ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አዳማ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከሱዳን፣ ከየመንና ከኤርትራ ተሰደው የመጡ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። አዳራሹን ቀበሌው ነው የሰጠን። አግዳሚ ወንበሮቹን ሰፈራችን ያለው ቤተ ክርስቲያን አዋሰን፤ ደብተርና እስክሪብቶ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ያመጣሉ። አንድ የኮሌጅ መምህርም ከእኔ ጋር እየተፈራረቀ ያስተምራል።

ወይዘሮ አሚና ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የካርቱም ሴት ናቸው። አማርኛውን ከጎረቤት ለምደውታል። ቤታቸው ልብስ እየሰፉ ይተዳደራሉ። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ጋ ለመሄድ አመልክተው መልስ ይጠብቁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ተማሪው ከወጣ በኋላ ደብዳቤ ሰጡኝ።

“ቲቸር፣ ምን ይላል?”

ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ቀና ስል ፊታቸው በደስታ በርቷል። አፌ እምቢ አለኝ።

“ጉዳይዎ እየታየ ነው፤ ትንሽ ይጠብቁ ነው የሚለው” አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ!” ብለው አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከመጀመሪያው መስመር በታች ያለውን እኔም በወጉ አላነበብኩትም።

በሚቀጥለው ሳምንት እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። አልነገርኳቸውም። ከወር በኋላ መሄዴ ካልቀረ ብለው የስፌት መኪናቸውን ሸጡ። ይህንንም ሰምቼ ዝም አልኩ። ክፍል ውስጥ ግን ዓይን ዓይናቸውን ማየት ተውኩ።

ደብዳቤው በመጣ በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ያን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና አንዱን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

“ሪ-ፊ-ውዝድ። እምቢ ማለት ነው አይደል?”

“አዎ።”

“አንቺ ግን ጠብቂ አልሽኝ።”

“አሳዝነውኝ ነው” አልኳቸው።

“አውቃለሁ። እኔ ባል ቀብሬ፣ አገሬን ጥዬ የመጣሁ ሴት ነኝ። አንድ ቃል አይገድለኝም።” ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። “ይሄ ነው ያቃጠለኝ። ይግባኝ ማለት ይቻላል ይላል። ስልሳ ቀን ነበረኝ፣ ቲቸር።”

የምገባበት ጠፋኝ። በዚያን ቀን ማስተማር አልቻልኩም።

የኮሌጁን መምህር ፈልጌ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም ሕግ የሚያስተምር ባልደረባውን አመጣ። ቀኑ ያለፈው በእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ ማስረዳት ነበረብን፤ ስለዚህ ደብዳቤውን አዛብቼ የነገርኳቸው እኔ እንደሆንኩ ጽፌ ፈረምኩ። የይግባኙን ማመልከቻ እንድንጽፍላቸው ግን ወይዘሮ አሚና አልፈቀዱም። ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶባቸው ስድስት መስመር ጻፉ። ስህተት ነበረበት። “ተዉት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት” አሉን።

ከወራት በኋላ ስልኬ ጠራ።

“ቲቸር፣ መልስ መጣ። ጉዳዬን እንደገና ሊያዩት ነው። ራሴ አነበብኩት፣ እስከ መጨረሻው!”

የመጨረሻው ውሳኔ ገና አልመጣም። በተዋሱት የስፌት መኪና እየሰሩ ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም አይቀሩም። ይቅር ካሉኝ ቆይተዋል። እኔ ግን ያን ቀን ያደረግሁትን ርኅራኄ ብዬ መጥራት አቁሜያለሁ። ሲያለቅሱ ማየት ፈርቼ ነው። ለእኔ ፍርሃት አምስት ወር የከፈሉት እሳቸው ናቸው።