ጋሽ ጀማል የመረጡልኝ ፔዳል

ጋሽ ጀማልን ለምታውቁ ሁሉ፣ በተለይም ሬዲዮና ስልካችሁን እሳቸው ዘንድ ጥላችሁ ለምትሄዱ የረጅም መንገድ ሾፌሮች ይህን መርዶ ሳደርስ እጄ እየከበደኝ ነው። ጋሽ ጀማል ዐርፈዋል። የሞቱት ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ የተቀበሩትም በዚያው ዕለት ከቀትር ሶላት በኋላ። እኔ ቀብራቸው ላይ አልነበርኩም። የዕቃ አስተላላፊ ሠራተኛ ነኝና ያን ዕለት ወደብ ውስጥ የኮንቴይነር ወረቀት ይዤ ከመስኮት መስኮት ስንከራተት ስልኬን አልሰማሁም። መልሼ ስደውል የሱቃቸው ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው ዓሊ አነሳና «ጀማል የለም። ጠራንህ፣ ጠራንህ፣ አላነሳህም» አለኝ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ከተማው እንደ ወትሮው በሰው እንደተሞላ ነው፤ እኔ ግን የማወራው ሰው የለኝም።

ጋሽ ጀማል የድሬዳዋ ልጅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሠርግ ቤት ጊታር ይጫወቱ ነበር። በባቡር ወደ ጅቡቲ መጥተው ወደብ ሲሠሩ የክሬን ገመድ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት ወሰደባቸው፤ ከዚያ በኋላ ጊታር አልያዙም። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ጠባብ ሱቅ ከፍተው ሬዲዮ፣ ቆይቶም ስልክ መጠገን ጀመሩ። ስለ ጣቶቻቸው የሚጠይቃቸው ሲመጣ «ወደቡ ጋ አደራ አስቀምጫቸዋለሁ» ብለው ይስቁ ነበር።

ስልኩ የሞተበት ሾፌር ሲመጣ ዕቃውን ከመክፈታቸው በፊት የራሳቸውን ስልክ ይሰጡታል። «መጀመሪያ ለቤትህ ድምፅህን አሰማ። ስልኩ ይጠብቃል፤ ሚስትህ ግን አትጠብቅም» ይሉታል። ከዚያ ሰውየው እንዳያፍር ጀርባቸውን ሰጥተው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ደረጀ የሚባል የአዲስ አበባ ሾፌር ልጁ መወለዷን የሰማው በዚያ ስልክ ነው። እያለቀሰ ሲያወራ ጋሽ ጀማል አንዲት ብሎን ሲያጠብቁና ሲያላሉ ቆዩ። ደረጀም ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ያዘዙትን ሁሉ ሳይታክት ያመጣላቸው ነበር።

እኔን ከእሳቸው ያገናኘኝ አምፕሊፋየሬ፣ የጊታሬ ድምፅ ማጉያ ነው። በዚህ ከተማ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መኖር ራስን መቅጣት ነው፤ ጨዋማው አየር ክሩንም ብሎኑንም ይበላዋል። ጠግነው ሲጨርሱ «እስቲ ሞክረው» አሉኝና በባቲ ቅኝት ትንሽ ተጫወትኩ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ዋዋ ፔዳል አወጡ። ለማያውቀው፣ ዋዋ ፔዳል በእግር የሚረገጥ የብረት ሣጥን ነው። ተረከዝ ሲጫነው የጊታሩ ድምፅ ይወፍራል፣ የእግር ጣት ሲጫነው ይሾላል፤ መካከሉ ላይ የሰው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይመስላል። እኔ አረጋገጡን አላውቅበትም ነበር። ወንበር ስበው በቀኜ ተቀመጡ፤ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁና «አንተ በእጅህ፣ እኔ በእግሬ» አሉኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አንድ ጊታር ለሁለት ተጫወትን። የቬንትሌተሩ ጉርምርምታ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ስለሚገባ «አጥፋው» ይሉኛል፤ በጅቡቲ የሐምሌ ሙቀት! ላባችን መሬት እስኪንጠባጠብ እንጫወታለን። ቬንትሌተሩን ልከፍት የምነሳው እሳቸው «አቦ በቃን፣ ክፈተው» ሲሉ ብቻ ነው። የሚያልፍ ሰው አብደዋል ሳይለን አይቀርም። ራስ ዲካ አጠገብ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ከሳምንቱ ሁሉ ቀን የምለው ያንን ዓርብ ነበር።

ባለፈው ዓመት የስኳር በሽታቸው እግራቸውን ያደነዝዝ ጀመር። አንድ ዓርብ ዜማው ሊያርፍ ሲል ፔዳሉ ጮኸ። ቀና ብዬ ሳይ የእግራቸው ጣት እስከ ታች ተጭኖታል፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። የተጫኑት በተረከዛቸው መስሏቸው ነበር። ጎንበስ ብለው እግራቸውን ተመለከቱና «እግሬ ዋሸኝ» አሉ። ያን ቀን ቬንትሌተሩን ራሳቸው ተነስተው ከፈቱት። ሲመለሱም «የራስህን ፔዳል ምረጥ» አሉኝ። «የእርስዎ አለ አይደል?» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የኔን እግር ነው የለመደው። ወላሂ፣ እኔ እያለሁ የራስህን እንምረጥ።»

አመራረጣቸው እንደ ማንም አልነበረም። አዲስ ፔዳል ሲመጣ ጊታር አያሰኩኝም፤ መጀመሪያ ጫማዬን አስወልቀው ሻይ እስክንጠጣ ድረስ ባዶውን ያስረግጡኛል። «ጆሮ ይታለላል፤ አዲስ ነገር ሁሉ ደስ ይለዋል። እግር ግን ሲደክመው እውነቱን ይናገራል» ይሉ ነበር። ቀጥሎ ድምፁ ከተረከዝ እስከ ጣት እኩል መዘርጋቱን በጊታር ያዳምጣሉ፤ ጩኸቱን ሁሉ ጫፍ ላይ ያከማቸውን አይወዱትም። በመጨረሻ ገልብጠው ብሎኖቹን ያያሉ። «ጨው ባለበት አገር የማይከፈት ዕቃ አይገዛም።»

የመጀመሪያውን ቡላኦስ ሰፈር ካለ ሱቅ አገኙት፤ የሚያብረቀርቅ ነበር። እኔ «ድምፁ ሳሳብኝ» አልኩ። ሁለተኛውን ደረጀ ከአዲስ አበባ አመጣው። «ይንኮሻኮሻል» አልኩ። እሳቸው ለአምስት ደቂቃ ቢያጸዱት የሚተው መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሦስተኛውንም ደረጀ አመጣው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ አራት ብሎን ያለው። ስረግጠው የምፈልገውን ሁሉ አለ። ደነገጥኩ። «ይከብደኛል» አልኩና እግሬን አነሳሁ።

ዛሬ እውነቱን ልናገር። ከፔዳሎቹ አንዱም ክፉ አልነበረም። እኔ አንዱን ወደድኩ ያልኩ ቀን የጋሽ ጀማል እግር ሥራ እንደሚፈታ፣ በቀኜ ያለው ወንበርም የእንግዳ መቀመጫ ብቻ እንደሚሆን አውቄ ነበር። እምቢ እስካልኩ ድረስ ዓርብ የሚቀጥል መሰለኝ። እሳቸውም ሳይገባቸው አልቀረም። ፔዳሉን በጨርቅ እየጠቀለሉ «እምቢ ያልከው ፔዳሉን ነው?» አሉኝ። «ፔዳሉን ነው» አልኩ። «እንግዲህ ከከበደህ ከበደህ» ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓርብ ቀረሁ። መርከብ ገብቷል፣ ሥራ በዝቷል አልኳቸው። መርከብማ ጅቡቲ መቼ ሳይገባ ቀርቶ ያውቃል! የቀረሁት አራተኛ ፔዳል ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነው። በሦስተኛው ዓርብ እመጣለሁ ብያቸው ነበር፤ ማክሰኞው ቀደመኝ።

በሐዘኑ በሦስተኛ ቀን ዓሊ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ ጠራኝና ያን ጨርቅ ከነጥቅሉ አስታቀፈኝ። ሦስተኛው ፔዳል ነበር።

«ጀማል ሁለት ዓርብ ሙሉ እግሬን ወሰደብኝ» አለኝ። «ጫማህ አርባ ሁለት ነው አይደል? የኔም ነው። ‹ና፣ እግርህን አውሰኝ› አለ። እኔ የስፌት መኪና ረጋጭ ነኝ፣ ስለ ጊታር ምን አውቃለሁ? ‹ተረከዝህን አስቀድም፣ እሱ የሚያስቀድመው ተረከዙን ነው› ይለኛል። እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ብሎን ያላላል፤ እኔ እረግጣለሁ፣ እሱ ያጠብቃል።»

«ያለ ጊታር?» አልኩት።

«ሬዲዮ ሰካበት። ፈረንሳይኛ ዜና የሚያነበውን ሰውዬ በሰማኸው! አንዴ ሲያለቅስ፣ አንዴ ሲያዛጋ ዋለ። ጀማል እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።» ዓሊ ራሱም ሳቀና ወዲያው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ሲጨርስ ‹ከብዶት ነበር፤ አቅልዬለታለሁ በለው› አለኝ።»

ስጫወት ተረከዜ እንደሚቀድም እኔ ራሴ አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት እኔ እጄን ሳይ እሳቸው እግሬን ሲያዩ ኖረዋል።

ጋሽ ጀማል፣ «አንተ በለኝ አቦ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ» እያሉ እንደ ድሬዎቹ ሊያለምዱኝ ቢደክሙም አንደበቴ ዛሬም እምቢ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቼዎታለሁና ለዚያም ይቅር ይበሉኝ። በእነዚያ ሁለት ዓርቦች አጠገብዎ መቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዓሊ እግሩን ስላዋሰልዎ አመሰግነዋለሁ፤ ደግሞም እቀናበታለሁ።

ፔዳሉን መርጫለሁ። ዛሬ ዓርብ ነው። ወንበርዎን ዓሊ ሰጥቶኝ ክፍሌ ውስጥ በቀኜ አስቀምጬዋለሁ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ እንዳስተማሩኝ መጀመሪያ ባዶውን ረገጥኩት፤ እግሬ ደክሞት እንኳ ምንም ክፉ አልተናገረም። ከዚያ ቬንትሌተሩን አጥፍቼ ባቲን ተጫወትኩ፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ እግሬ። አልከበደኝም ጋሽ ጀማል። የከበደኝ ሌላ ነው።

አላህ ማረፊያዎን ቀዝቃዛ ያድርግልዎ። ይህን የምጽፈው ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ተጫውቼ ከጨረስኩ ቆየሁ፤ «በቃን፣ ክፈተው» የሚለኝ ሰው ስለሌለ ግን ቬንትሌተሩ እስካሁን እንደጠፋ ነው።